በማስመሰል ስለ ተደረገ የጉልበት ቀዶ ሕክምና፤ የአንድ ጥናት ምርመራ

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ ሕክምና ጠቀመ ከማለት አስቀድሞ መጥቀሙ በምን እንደ ታወቀ መጠየቅ ይገባል። ኦስቲዮአርትራይተስ በሚባለው በሽታ የጉልበት ልም አጥንት እየተበላ መገጣጠሚያው ይታመማል፤ ይደርቃልም። ሐኪሞች አርትሮስኮፒ በሚባለው ዘዴ በጠባብ ቀዳዳ መሣሪያ አስገብተው መገጣጠሚያውን ያጥቡ፥ የሻከረውንም ይጠርጉ ነበር። ብዙ በሽተኞች ተሻለን ስላሉ ማስረጃው የበቃ መሰለ።

እ. ኤ. አ. በ2002 ዓ. ም. ሞዝሊና ጓደኞቹ በአሜሪካ በሂውስተን ከተማ፥ በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። 180 በሽተኞች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ጉልበታቸው ታጠበ፥ የሁለተኛዎቹ ታጥቦ ተጠረገ፥ የሦስተኛዎቹ ግን ቆዳው ብቻ ተበጣ። በሁለት ዓመት ክትትል እውነተኛው ቀዶ ሕክምና ከማስመሰሉ በልጦ አልተገኘም።

በጥናቱ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ነቀፌታ፥ በሽተኞቹ አብዛኛዎቹ ወንዶች መኾናቸውና ቀዶ ሕክምናውን ኹሉ ያደረገው አንድ ሐኪም መኾኑ ነው። ነቀፌታው እውነት ነው፤ ነገር ግን እ. ኤ. አ. በ2008 ዓ. ም. በካናዳ ወንዶችንም ሴቶችንም ይዞ የወጣው ጥናት፥ በመድኃኒትና በሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምና ላይ አርትሮስኮፒ ቢጨመር የተለየ ጥቅም እንደማይሰጥ አሳይቷል።

እኔ የማየው ጉድለት ሌላ ነው። ምንም ያልተደረገለት አራተኛ ክፍል አልነበረም። ይህ ሕመም አንድ ጊዜ ይጠናል፥ አንድ ጊዜ ይቀላል፤ ሰውም ሐኪም ዘንድ የሚሄደው በጠናበት ሰዓት ነው። ስለዚህ የተሻለው ሰው የተሻለው በተስፋ ይኹን ወይስ በበሽታው ጠባይ፥ ከዚህ ጥናት መለየት አይቻልም። «ተስፋ አዳናቸው» የሚሉ ጥናቱ ያልተናገረውን ይናገራሉ፤ «ሕመማቸው የሐሳብ ነበር» የሚል ቢገኝም በበሽተኞቹ ላይ ግፍ ይሠራል።

የማይጠቅመውን ሰው ቆዳ መብጣት ይገባልን? ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ይኹን እንጂ በሽተኞቹ የማስመሰሉ ዕጣ ሊደርሳቸው እንደሚችል ማወቃቸውን በጽሑፍ አረጋግጠዋል፤ ለጥናቱ ብቁ ከነበሩት 324 ሰዎች 144ቱ እንቢ ብለዋል። እንቢ ማለት በተቻለበት ስፍራ የተሰጠ ፈቃድ እውነተኛ ፈቃድ ነው። ያለ ማስረጃ ስንት ጉልበት ሲከፈት እንደ ኖረ ስናስብ፥ የጥቂቶቹ መበጣት ብዙዎችን ከቢላዋ የሚያድን ኾኖ እናገኘዋለን።

እ. ኤ. አ. በ2017 ዓ. ም. በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣው መመሪያ፥ በዕድሜ ለተበላ ጉልበት አርትሮስኮፒ እንዳይደረግ አጥብቆ መክሯል። ለበሽተኛው የሚቀርለት የጭን ጡንቻን በእንቅስቃሴ ማጠንከር፥ የከበደ ሰውነትን መቀነስ፥ ማስታገሻ፥ በሽታው እጅግ ሲጠናም መገጣጠሚያውን መለወጥ ነው። እኛ ተማሪዎችም «ተሻለኝ» የሚለውን ቃል በሰማን ጊዜ፥ «ከማን ጋር ሲነጻጸር?» ብለን መጠየቅን እንልመድ።