ተስፋ በትእዛዝ አንቀጽ፦ የዘመነ ስብከት ምስባኮች ከዘንገና ዳር ሲነበቡ

ስለ ግእዝ ሥነ ጽሑፍ በተጻፉ ጥናቶች ውስጥ ቅኔ፣ ገድልና ድጓ የየራሳቸውን አጥኚ አግኝተዋል። ምስባክ ግን ይህ ዕድል አልደረሳትም። ወንጌል ከመነበቡ በፊት ዲያቆኑ የሚያዜማት፣ ካህናቱና ሕዝቡም ተቀብለው የሚደግሟት ይህች ባለ ሦስት ስንኝ ጸሎት ከመዝሙረ ዳዊት የተቆረጠች ስለሆነች «ጥቅስ ናት» ተብላ ትታለፋለች። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በዚህ አይስማማም። ከመቶ ኀምሳው መዝሙር አንዱን የመረጠ፣ ከመካከሉ ሦስት ስንኝ የቆረጠ፣ የቆረጠውንም ከሌሎች ጋር በተራ ያሰለፈ ሰው የድርሰት ሥራ ሠርቷል። ሥራውም በድርሰትነቱ ሊመዘን ይገባዋል።

ለዚህ አመቺ ማሳያ የሚሆኑት የዘመነ ስብከት ምስባኮች ናቸው። እንደሚታወቀው ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይገባል። ከልደት በፊት ያሉት ሦስት እሑዶች ደግሞ በቅደም ተከተል ስብከት (ከታኅሣሥ 7 እስከ 13)፣ ብርሃን (ከ14 እስከ 20) እና ኖላዊ (ከ21 እስከ 27) ይባላሉ። ምስባኮቻቸው በግእዙ አቆጣጠር ከመዝሙር 143፣ 42 እና 79 የተወሰዱ ናቸው። በመጀመሪያው ጸሎተኛው ከአርያም እጅ ተልኮ ከብዙ ውሃ እንዲያወጣው ይለምናል። በሁለተኛው ብርሃንና ጽድቅ ተልከው ወደ ተቀደሰው ተራራ እንዲመሩት ይጠይቃል። በሦስተኛው የእስራኤል እረኛ እንዲያደምጥ ይጣራል።

የግእዝ መምህራን ወደፊት የሚሆነውን ነገር የሚናገረውን ግሥ «ትንቢት» ብለው ይጠሩታል። በነቢያት ጾም ውስጥ ይኸው አንቀጽ ጎልቶ ይሰማል ብሎ የሚጠብቅ ተማሪ አይፈረድበትም። ሆኖም ቅጽል ሆነው ከገቡት ግሦች በቀር በሦስቱም ምስባኮች ትንቢት አንቀጽ የለም። የሚመራው ግሥ ትእዛዝ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ «ፈኑ» (ላክ) ብለው ይነሣሉ፣ ሦስተኛውም «አጽምእ» (አድምጥ) ይላል። በዕለት ተዕለት አማርኛችን ተስፋ «ይሆናል»፣ «እግዜር ያውቃል» ብሎ እጅ አጣጥፎ መቀመጥን ሲያመለክት እንሰማለን። የምስባኩ ተስፋ ግን ይጣራል፤ ያውም «እርስዎ» በማይባልበት ቋንቋ፣ በ«አንተ»።

ነገሩ ይበልጥ የሚያስደንቀው የተተወውን ስንመለከት ነው። መዝሙር 143 የጦር መዝሙር ነው፤ ሲጀምር እጅን ውጊያ ስለሚያስተምር አምላክ ይናገራል። ብዙው ውሃ በተጠራበት ቦታ ላይም ወዲያው የባዕዳን እጅ ይከተላል። መቁረጫው ያረፈው ግን በትክክል በውሃውና በባዕዳኑ መካከል ነው። መዝሙር 42 ጽድቅ በሌለው ሕዝብ ላይ ፍርድ በመጠየቅ ይጀምራል፤ ይህም ተትቷል። መዝሙር 79 ጎረቤትና ጠላት የተሳለቀበትን ሕዝብ፣ አጥሩ የፈረሰበትን የወይን ቦታ ያለቅሳል፤ ምስባኩ ከመጀመሪያው ጥሪ አያልፍም። «ሦስት ስንኝ ብቻ ስለሚፈቀድ ነው» የሚል ይኖራል። ይህ መልስ አያረካም። በሰሙነ ሕማማት ምስባኮች ጠላት በሦስቱ ስንኞች ውስጥ ቦታ አግኝቶ በግልጽ ይጠራልና። በዘመነ ስብከት ግን ከሦስት የጠላት መዝሙሮች ጠላት የሌለበት ተስፋ ወጥቷል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነት ባልራቀው ምድር ለሚያስቀድስ ሰው ይህ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ጠላቱ ሲወጣ የቀረው ውሃው ነው። ዘንገና ከእንጅባራ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው ጎዳና ዳር፣ በእሳተ ገሞራ በተፈጠረ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ክብ ሐይቅ ነው። ደን የለበሰ አፋፍ ዙሪያውን ከቦታል። ከአፋፉ ቁልቁል ለሚያይ ሰው አስቀድሞ የሚሰማው ጥልቀቱ ነው። በአንድምታው ትርጓሜ ብዙ ውሃ መከራ ነው፤ ልክ ነው። ዳሩ ግን ታኅሣሥ ማለዳ በውርጩ ውስጥ በአፋፉ ላይ አልፎ ቤተ ክርስቲያን የደረሰ ገበሬ ትርጓሜው ሳይነገረው ከላይ የሚዘረጋ እጅ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ገበሬው በቤቱ አገውኛ (አውኚ) ይናገራል፣ ስብከቱን በአማርኛ ይሰማል፣ ምስባኩን በግእዝ ይቀበላል። በሦስቱም ቋንቋ ሐይቁ ያው ሐይቅ ነው።

በቅደም ተከተሉም ውስጥ አሳብ አለ። በስብከትና በብርሃን የሚጮኸው አንድ ሰው ነው፤ «አድነኝ»፣ «ይምሩኝ» ይላል። በኖላዊ «እኔ» ጠፍቶ መንጋ ይተካል። ከሰጠመው ግለሰብ ተነሥተን፣ መንገደኛውን አልፈን፣ በጎቹ ዘንድ ደረስን ማለት ነው።

የመጨረሻው ምስባክ የመጨረሻ ቃል ደግሞ «አስተርአየ» ነው፤ ተገለጠ። ሲጣራ የቆየው ጸሎት ልደት ሳይደርስ በኃላፊ አንቀጽ ይዘጋል። ቃሉ ከጥምቀት ጀምሮ ለሚገባው ለዘመነ አስተርእዮም ስም የሰጠው ግሥ ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ቦታ ትእዛዝ አንቀጽ ይጠቀማል። ተርጓሚዎቹ የዕብራይስጡን መንገድ ስለተከተሉ ስሕተት ሠሩ አይባልም። ነገር ግን አማርኛውን ብቻ ይዞ ስለ ምስባኩ የሚጽፍ ተማሪ ከልመና ወደ ምስክርነት የሚሻገረውን ድልድይ አያየውም።

የሮም ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ጸሎት ከዚሁ መዝሙር ቀጣዩን ኃይለ ቃል ወስዶ የዘመነ ምጽአቱን የመጀመሪያ እሑድ በእርሱ ይከፍት ነበር፤ ኃይልህን አንሣና ና ይላል። እነርሱ በር መክፈቻ ያደረጉትን መዝሙር የእኛዎቹ መዝጊያ አድርገውታል። እነርሱ «ና» ሲሉ የእኛ ሁለቱ እሑዶች «ላክ» ይላሉ። ሰፊ ንጽጽር ቢያስፈልገውም ልዩነቱ ቀላል አይመስለኝም። «ላክ» የሚል ሰው ላኪውንና ተላኪውን አስቀድሞ ለይቷል።

ኖላዊ የሚለው ስም ወደ አማርኛ አለመመለሱም ያለ ምክንያት አይመስልም። እረኛ ብንለው በዳንግላና በእንጅባራ መስክ የዋሸራ በጎችን የሚከተል፣ ጅራፍ የያዘ ልጅ ፊታችን ላይ ይቆማል። ለአምላክ ያንሳል የሚሉ አሉ። እኔ ግን ቢተረጎም ኖሮ እላለሁ። በዚህ አገር ገዢው ስለ መጪው ዘመን ለማወቅ ሲፈልግ «እረኛ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ኖላዊው እንዲያደምጥ በምንለምንበት እሑድ፣ በገና ዋዜማ ሩሯንና ዱላውን የሚያዘጋጀው ያው ልጅ ነው።