በብሎክ ፕሮግራም መሥሪያዎች ውስጥ የቬክተር ሥዕል ስፍራ፤ አጭር ሒስ

ለጀማሪዎች የኮምፒዩተር ፕሮግራም አሠራርን ለማስተማር ከተዘጋጁት መሣሪያዎች መካከል፥ ትእዛዝን በጽሕፈት በማስገባት ፈንታ ባለቀለም ብሎኮችን እያጋጠሙ የሚሠራባቸው በብዙ አገር የታወቁ ናቸው። ከነዚህም አንዱ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ስክራች ነው፤ ዛሬ በአማርኛም ይሠራበታል። ሌላው ዬንስ ሞኒግና ብራያን ሃርቪ ከስክራች ሐሳብ ተነሥተው ያዘጋጁት ስናፕ ነው። የሁለቱም የፕሮግራም ምንጭ ክፍት ስለ ሆነ፥ ሙያው ያለው ሁሉ ሊመረምራቸውና ሊጨምርባቸው ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ከጭማሪዎቹ አንዱን፥ ይኸውም የቬክተር ሥዕልን እንመለከታለን። ጥያቄያችንም፤ ጭማሪው የገባው በሚገባው ስፍራ ነውን? የሚል ነው።

አስቀድሞ ልዩነቱን መግለጽ ያስፈልጋል። አንድ ሥዕል በኮምፒዩተር ውስጥ በሁለት መንገድ ሊቀመጥ ይችላል። አንደኛው፥ ሥዕሉን ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች ከፋፍሎ የያንዳንዱን ነጥብ ቀለም መመዝገብ ነው። የስክራች መድረክ ወርዱ 480 ቁመቱ 360 ስለ ሆነ፥ መድረኩን የሚሞላ ሥዕል በዚሁ ልክ ሲመዘገብ 172,800 ነጥቦች ይኖሩታል። ሁለተኛው መንገድ የመስመሩን መነሻና መድረሻ፥ ውፍረቱንና ቀለሙን ብቻ ይመዘግባል፤ ቬክተር የሚባለውም ይህ ነው። የነጥቡ ሥዕል ሲያጎሉት ጠርዙ ይሻክራል ወይም ይደበዝዛል። ቬክተሩ ግን በተፈለገው መጠን እንደ ገና ስለሚሰላ ጥራቱ አይጎድልም።

በዚህ ነገር የቀድሞውን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። ከነዚህ መሣሪያዎች በፊት፥ ሲሞር ፓፐርትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1967 ሎጎ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አውጥተው ነበር። ኋላም በሎጎ የምትታዘዝ «ኤሊ» መጣች። ኤሊዋን «100 ወደ ፊት፤ 90 ዲግሪ ወደ ቀኝ» እያሉ አራት ጊዜ ቢያዟት ካሬ ትሥላለች። ልብ ብንል ትእዛዙ ራሱ ርቀትና አቅጣጫ ነው፤ ስለ ነጥብ አንዳች አይናገርም። እንግዲህ ልጁ ሲያስብ የሚያስበው በቬክተር ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ስክራች እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ሁለተኛው ስክራች የቬክተር ሥዕል መሣያ ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሦስተኛውም አዲስ ሥዕል ሲጀመር ቬክተር ቀዳሚ እንዲሆን አደረገ። መሣያው በእውነቱ የሚመሰገን ነው፤ ተማሪው መስመሩን አጥፎ፥ ቅርጹን ዘርግቶ፥ ከቀናት በኋላም ተመልሶ ሊያርመው ይችላል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሆነው በእጅ በሚሣልበት ክፍል ብቻ ነው። በብሎክ የሚታዘዘው ብዕር የሚሠራው በነጥቦች ላይ ነው፤ መስመሩ ከተሠመረ በኋላ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ የሚያስታውስ የለም። እንዲያውም በቬክተር የተሣለ መልክ «ማኅተም» በሚለው ብሎክ በመድረኩ ላይ ሲታተም፥ ያን ጊዜውን ቬክተርነቱን አጥቶ ነጥብ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ ትክክለኛው ሥዕል ለእጅ፥ ሻካራው ለሐሳብ ተከፋፈለ። ፕሮግራም ለማስተማር በተሠራ መሣሪያ ይህ አከፋፈል የተገላቢጦሽ ይመስለናል።

የሆነ ሆኖ የሠሪዎቹንም ምክንያት መመዘን ተገቢ ነው። ነጥቦቹ ቍጥራቸው የተወሰነ ስለ ሆነ፥ ብዕሩ ሺህ ጊዜም ሆነ ሚሊዮን ጊዜ ቢያሰምር የሚይዙት ስፍራ አይጨምርም። የቬክተር መዝገብ ግን በያንዳንዱ መስመር ይረዝማል፤ ማቆሚያ በሌለው ድግግሞሽ ውስጥ አነስተኛ ኮምፒዩተርን ሊያደክም ይችላል። ምክንያቱ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ለመከልከል አይበቃም፤ ተጠቃሚው ሲፈልግ የሚከፍተው፥ ሲፈልግ የሚዘጋው ሊሆን ይችላልና።

ስናፕ ይህንኑ አድርጎታል። በምርጫዎቹ ዝርዝር ውስጥ የብዕርን መስመር በቬክተር የሚመዘግብ ምርጫ አለ፤ ሲከፈት የተሠመረው ሁሉ ከነልኩ ይቀመጣል፥ ኤስቪጂ በሚባለውም የቬክተር ፋይል ይወጣል። በስናፕ ላይ የተመሠረተው ቱርትልስቲች ደግሞ ከዚህ አልፎ፥ የኤሊዋን መንገድ ወደ ጥልፍ ስፌት ለውጦ ለጥልፍ መኪና በሚስማማ ፋይል ያወጣል። ተማሪው በብሎክ ያዘዘው ጌጥ በጨርቅ ላይ ይታተማል። የጥልፍ መኪና መርፌው ወዴት እንደሚሄድ እንጂ የነጥብ ቀለም አይጠይቅም፤ መንገዱ ባይመዘገብ ኖሮ ይህ ሥራ ባልተቻለ ነበር።

ይሁን እንጂ የስናፕ አሠራር ሁለት ጉድለት አለው። አንደኛ፥ ምርጫው ካልፈለጉት የማይገኝ ስለ ሆነ፥ ጀማሪው መኖሩን ሳያውቅ ይቀራል። ሁለተኛ፥ የሚመዘገበው መስመር ብቻ ነው፤ «ሙላ» በሚለው ብሎክ የተቀባው ስፋት አይመዘገብም። ምክንያቱም «ሙላ» ቀለምን ከነጥብ ወደ ነጥብ ያፈሳል እንጂ የቅርጹን ድንበር አያውቅም።

እኛ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። እንደ «ድገም» ብሎክ ሌሎችን ብሎኮች በአፉ የሚይዝ «ቅርጽ ሥራ» የሚባል ብሎክ ይጨመር። በውስጡ ኤሊዋ የሄደችበት መንገድ ሁሉ እንደ አንድ ቅርጽ ይዘጋ፥ ቀለምም ይሙላበት፥ በቬክተርም ይቀመጥ። ለዚህ አርአያ አይጠፋም፤ ፓይተን በሚባለው ቋንቋ የኤሊ ሥዕል የመሙላት መጀመሪያና መጨረሻ በሁለት ትእዛዝ ይገለጻል። ብሎኩ ግን መክፈቻውንና መዝጊያውን በአንድነት ስለሚይዝ፥ ተማሪው መዝጋቱን ሊረሳ አይችልም።

በማጠቃለል፥ የቬክተር ሥዕል መጨመሩን አንነቅፍም፤ የምንነቅፈው በእጅ መሣያው ክፍል መወሰኑን ነው። የፕሮግራም ትምህርት ዓላማ ተማሪው ያሰበውን በትእዛዝ እንዲገልጽ ነውና፥ ያዘዘው መስመር ከነልኩ ሊጠበቅለት ይገባል። ምንጩ ክፍት ስለ ሆነም ሥራው ለማንም የተከለከለ አይደለም፤ ለመመረቂያ ጥናት ርእስ የሚፈልጉ ጓደኞቻችን ቢያስቡበት መልካም ነው እንላለን።