ከልብ ወለዱ ሒሳብ፣ ከእውነቱ ማስረጃ

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ሳነብ ሒሳብ እጠይቃለሁ፤ የታሪክ ወይም የሳይንስ መጽሐፍ ሳነብ ደግሞ ጥርጣሬ እፈልጋለሁ። ብዙ አንባቢ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ልብ ወለድ ሲሆን «ፈጠራ ነው» ብሎ ሁሉን ያልፈዋል፤ እውነተኛ ታሪክ ነው ሲባል ደግሞ «ተጽፏል» ብሎ ሁሉን ይቀበላል። አምቦ ውስጥ ፊዚክስ ሳስተምር ከተማሪዎችና ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ያነበብናቸው መጻሕፍት አንድ እምነት አጽንተውብኛል፦ ማንበብ የሚለመድ ሙያ ነው፤ የሙያውም ዋና ክፍል የትኛውን መጽሐፍ ምን መጠየቅ እንዳለብን ማወቅ ነው።

መጻሕፍቱ እኛ ጋ የሚደርሱት በተለያየ መንገድ ነው። ጥቂቱ ከአዲስ አበባ አሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች ተገዝቶ በአውቶብስ ይመጣል፤ አብዛኛው በቴሌግራም በፒዲኤፍ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። አንባቢዎቹ ከጉደር፣ ከጊንጪ፣ ከጀልዱና ከሆለታ የመጡ ናቸው። ክርክሩ በኦሮምኛ ተጀምሮ በአማርኛ ይቀጥላል፤ ቃል ሲቸግር እንግሊዝኛው ይገባበታል።

ሰሞኑን ብዙ ያከራከረን የአንዲ ዊር «ዘ ማርሺያን» ነው። ደራሲው በ2011 እ.ኤ.አ. ራሱ አወጣው፤ በ2014 አሳታሚ ድርጅት ተቀብሎ ሲያሳትመው ዓለም አወቀው። ማርስ ላይ ብቻውን የቀረ አንድ የዕፅዋት ባለሙያ ድንች ተክሎ ነፍሱን ሲያቆይ የሚያሳይ ታሪክ ነው። መጽሐፉን የምወደው ሰውየው በየገጹ ስለሚቆጥር ነው፤ ስንት ካሎሪ ቀረኝ፣ ስንት ሊትር ውኃ ያስፈልገኛል፣ ስንት ቀን ያደርሰኛል ይላል። ውኃውን እንኳ የሚያገኘው ሃይድራዚን ከተባለው የሮኬት ነዳጅ ሃይድሮጂኑን ለይቶ በማቃጠል ነው። እንዲህ የሚጽፍ ደራሲ አንባቢውን እርሳስ አንስተህ ተከተለኝ እያለው ነው።

እኛም እርሳስ አነሳን። ታሪኩ የሚጀምረው በሰዓት 175 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ አውሎ ነፋስ ነው፤ ነፋሱ የጠፈርተኞቹን መመለሻ መንኮራኩር ሊገለብጥ ይደርሳል። ሰሌዳው ላይ ያሰፈርነው ስሌት ቀላል ነበር። ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያሳርፈው ግፊት የሚገኘው የአየሩን እፍግታ ግማሽ በፍጥነቱ ስኩዌር በማባዛት ነው። የማርስ አየር እፍግታ በአንድ ሜትር ኩብ 0.02 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ባለችው አምቦ ደግሞ ወደ 1 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ልዩነቱ 50 እጥፍ ነው። የ50 ስኩዌር ሩት 7 ገደማ ስለሆነ 175ን ለ7 ስናካፍል 25 ይመጣል። የማርሱ አውሎ ነፋስ የሚገፋው፣ አምቦ ላይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ የሚገፋውን ያህል ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነፋስ ነጠላ ያውለበልባል፣ ያልተዘጋ መስኮት ያንገጫግጫል፤ መንኮራኩር ግን አይገለብጥም። ደራሲውም ይህን አልደበቀም፤ ታሪኩን ለማስነሳት ሲል አውቆ ያደረገው መሆኑን ተናግሯል።

ሁለተኛው ጥያቄ የመጣው ከጀልዱ ልጅ ነው። ጀልዱ የዘር ድንች አገር ነው፤ ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡትን ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ የተባሉ ዝርያዎች የአካባቢው ልጆች በስማቸው ይለዩዋቸዋል። «ቲቸር፣ ይሄ ሰውዬ ድንቹን መቼ አሳረፈው?» አለኝ። ጥያቄው የገበሬ ልጅ ጥያቄ ነው። አዲስ የተቆፈረ ድንች ወዲያው አይበቅልም፤ ዓይኑ እስኪያጎነቁል ድረስ እንደ ዝርያው ሁለትና ሦስት ወር ይቆያል። ለዚህም ነው ዘር የሚያመርተው ገበሬ ድንቹን ብርሃን በሚያስገባ የዘር ማከማቻ መደርደሪያ ላይ አስጥቶ፣ አጭርና ጠንካራ ጉንቁል እስኪያወጣ የሚጠብቀው። የመጽሐፉ ሰው ግን ቆፍሮ ሲያበቃ መልሶ ይተክላል። ሌላው ተማሪ ደግሞ ፊኒክስ የተባለችው መንኮራኩር በ2008 እ.ኤ.አ. ማርስ አፈር ውስጥ ፐርክሎሬት የተባለ ለጤና ጎጂ ጨው ማግኘቷን አንብቦ ኖሮ፣ «አፈሩን ሳያጥበው?» አለ።

ይህ ሁሉ መጽሐፉን በዓይኔ አላሳነሰውም፤ ጭራሽ ከፍ አደረገው። ሒሳቡን ገልጦ የሚያስቀምጥ ልብ ወለድ ጉድለቱ ሳይቀር ያስተምራል። የጀልዱ ልጅ ስለ ማርስ በተጻፈ መጽሐፍ ላይ ከማንም ጋር እኩል ተቀምጦ መከራከር የቻለው ደራሲው ቁጥሩን ስላልሸሸገ ነው። ሁሉን ነገር በጭጋግ የሚሸፍን መጽሐፍ ይህን ዕድል አይሰጥም።

የቻይናዊው የሊዩ ሲሺን «ዘ ስሪ ቦዲ ፕሮብለም» ሌላ ዓይነት ክብደት አለው። መጽሐፉ በቻይንኛ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን፣ ኬን ሊዩ በ2014 ወደ እንግሊዝኛ ከመለሰው በኋላ በ2015 የሁጎ ሽልማትን አግኝቷል። መነሻው የቻይና የባህል አብዮት ነው። አንዲት ወጣት፣ የፊዚክስ ፕሮፌሰር የሆነ አባቷ በሕዝብ ፊት በወጣት አብዮተኞች ተደብድቦ ሲሞት ታያለች። ዓመታት አልፈው ከሌላ ዓለም የመጣ ድምፅ ስትሰማ፣ የሰው ልጅ ራሱን በራሱ ማረም አይችልም ብላ ስለምታምን የምድርን ደጅ ለባዕድ ትከፍታለች። ቀይ ሽብር ያለፈበት ቤት ውስጥ ያደገ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ክፍል ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሳይንሱ የቆመው በአንዲት ሴት ሐዘን ላይ ነው፤ የመጽሐፉ ጉልበትም እዚህ ላይ ነው።

የባዕዳኑ ዓለም ሦስት ፀሐዮች አሉት። ሁለት አካላት እርስ በርስ ሲሳሳቡ መንገዳቸውን በቀመር ማስላት ይቻላል፤ ሦስት ሲሆኑ ግን ለሁሉም ሁኔታ የሚሠራ እንዲህ ያለ ቀላል ቀመር የለም። ሊዩ ከዚህ አንድ የፊዚክስ እውነት ተነስቶ ወቅቱ የማይታወቅ ሕዝብ ኑሮ፣ ፖለቲካና ፍርሃት ምን እንደሚመስል ይስላል። በልጋቸው እየዘገየ ክረምታቸውም እያጠረ ያስቸገራቸው የእኛ አንባቢዎች ይህን በአድናቆት ነው ያነበቡት። ቅሬታዬ መጨረሻው አካባቢ ነው። አንድ ፕሮቶን ተዘርግቶ ኮምፒዩተር ሆኖ፣ ምድር ላይ ያለውን ሁሉ የሚያይና የሚያውክ መሣሪያ ሲደረግ፣ መጽሐፉ እስከዚያ ድረስ ያከበረውን ሕግ ለቀቀው። ደራሲ ሁሉን ማድረግ የሚችል ነገር አንዴ ከፈጠረ በኋላ አንባቢው የሚያሰላው ነገር አይቀረውም፤ የሚጠብቀው ብቻ ይሆናል።

በአማርኛ ወደዚህ ዘርፍ የተጠጋውና ብዙ አንባቢ ያገኘው በ2001 ዓ.ም. የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ነው፤ «ራማቶሐራ» እና «ዣንቶዣራ» ተከትለውታል። ለዚህ ሥራ ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው። ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ሌላ ገልጦ የማያውቅ ወጣት ዴርቶጋዳን ሲያነብ ሌሊቱ ይነጋበታል። ኢትዮጵያውያን ሊቃውንትን በዓለም ሳይንስ መሐል አስቀምጦ፣ የጣና ገዳማትን ከስለላ ድርጅቶች ሽኩቻ ጋር ማገናኘቱ ድፍረት ነው። የሚጎድለኝ የሥራው ሂደት ነው። ሊቃውንቱ ሊቅ መሆናቸው ይነገረናል፤ ሲሞክሩ፣ ሲሳሳቱ፣ መልሰው ሲያሰሉ ግን እምብዛም አናያቸውም። ምስጢር ታሪክን ያፈጥናል፤ ሳይንስ ግን ተፈጥሮው መግለጥ ነውና ምስጢሩ ሲበዛ ሳይንሱ ይቀጥናል። ቀጣዩ አማርኛ ጸሐፊ ከይስማዕከ ድፍረቱን ወርሶ ላቦራቶሪውን ቢከፍትልን እመኛለሁ።

የናይጄሪያ ዝርያ ያላት የኒዲ ኦኮራፎር «ቢንቲ» (2015 እ.ኤ.አ.) ለዚህ አንድ ፍንጭ ትሰጣለች። የናሚቢያ ሂምባ ልጅ ወደ ጠፈር ዩኒቨርሲቲ ስትሄድ ገላዋን የምትቀባውን ቀይ አፈር ይዛ ትሄዳለች፤ ያ አፈር በኋላ የታሪኩ መፍቻ ይሆናል። የሒሳብ ችሎታዋ ከተመስጦ ብዙም ሳይለይ መቅረቱ አላረካኝም፤ ከአገር ቤት የተወሰደውን ነገር የታሪኩ ሞተር ማድረጓ ግን ትክክለኛ መንገድ ነው።

ወደ እውነተኛው መጽሐፍ ስመጣ የምይዘው ሚዛን ይለወጣል። እዚህ ደራሲው «እንዴት አወቅን?» ለሚለው መልስ መስጠት አለበት። በዚህ ሚዛን ከሁሉ ያስደሰተኝ የከርሚት ፓቲሰን «ፎሲል ሜን» (2020 እ.ኤ.አ.) ነው። 4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ስላላት ቅሪተ አካል ስለ አርዲ፣ በአፋር አራሚስ ስላገኟትም ሰዎች ይተርካል። በ1994 እ.ኤ.አ. ያኔ ተማሪ የነበረው ዮሐንስ ኃይለሥላሴ የእጅ አጥንት ስባሪ አገኘ፤ ግኝቱ በ«ሳይንስ» መጽሔት በዝርዝር የወጣው ግን በጥቅምት 2009 እ.ኤ.አ. ነው። አሥራ አምስት ዓመት ማለት ነው። አጥንቶቹ ሲነኳቸው ይፈረፈሩ ስለነበር በኬሚካል እያጠነከሩ፣ ከነአፈራቸው በጄሶ እየጠቀለሉ፣ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም አምጥተው ከአፈሩ ነጥለው ማጽዳት ነበረባቸው። ዕድሜዋ የታወቀው በላይዋና በታችዋ ባሉት የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብሮች ነው፤ እነዚህን ንብርብሮች ካጠኑት አንዱ ኢትዮጵያዊው ጂኦሎጂስት ጊዳይ ወልደገብርኤል ነው። ከቡድኑ መሪዎች አንዱም ብርሃነ አስፋው ነው።

ፓቲሰን ጠቡንም ይጽፋል፦ ማን ቀድሞ ያሳትም፣ ማን አጥንቱን ይይ፣ የተሰባበረው ዳሌ በትክክል ተገጣጥሟል ወይ። አርዲ ቀጥ ብላ ትራመድ ነበር የሚሉትንም፣ የሚጠራጠሩትንም ያስደምጠናል። ተማሪዎቼ ከዚህ መጽሐፍ የተማሩት ትልቁ ነገር፣ እውቀት ሰዎች ተጣልተውበት፣ ፈትሸውት፣ በኋላ የቆመ ነገር መሆኑን ነው። በተጨማሪም ስማቸው እንደ እኛ ስም የሆነ ሰዎች በዚህ ሥራ መሐል መኖራቸውን።

የዩቫል ኖኅ ሀራሪ «ሳፒየንስ» በእኛ አገር ወጣቶች እጅ በብዛት የሚታይ መጽሐፍ ነው። አጻጻፉ ይጥማል፤ ትልልቅ ጥያቄ ያስነሳል። ስጋቴ ግን ትልቁ ድምዳሜና ትንሹ ግምት በአንድ ዓይነት የእርግጠኝነት ድምፅ መነገራቸው ነው። ስንዴ ሰውን አገልጋዩ አደረገው የሚለው ምዕራፍ ሲነበብ፣ ጊንጪ አካባቢ የጤፍ ማሳ መሐል ያደገ ልጅ «ጤፍስ?» ማለት አለበት። ኢትዮጵያ ደጋ ላይ ከዱር ሣር ተለምዶ የመጣ፣ ፍሬው ለዓይን የሚያንስ፣ አረሙና ውቂያው ወገብ የሚያጎብጥ እህል ያንን ክርክር ያጸናዋል ወይስ ያፈርሰዋል? መጽሐፉ መልስ የለውም። ጥያቄውን ግን እኛ መጨመር እንችላለን፤ የእውነተኛ መጽሐፍ አነባበብም ይኸው ነው።

ሁለቱን ዓይነት መጽሐፍ አጣምሮ ማንበብ የሚያስገኘው ፍሬ የራሳችንን አገር ስናይበት ይታወቃል። ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ እየታሸገ የሚሸጠው የአምቦ ውኃ ውስጥ ያለው ጋዝ ከመሬት ጥልቀት የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከየረር ተነስቶ እስከ ቱሉ ወለል ድረስ ወደ ምዕራብ የሚዘረጋ የእሳተ ገሞራና የስንጥቅ መስመር በዚህ አገር ያልፋል። ስምንት ቁጥር የመሰለው የደንዲ ሐይቅና ከአምቦ በስተደቡብ ያለው ወንጪም የተኙት በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነው። ካሜሩን ውስጥ ደግሞ በ1986 እ.ኤ.አ. የኒዮስ ሐይቅ ከሥሩ የታቆረውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአንድ ሌሊት ተፍቶ ከ1,700 በላይ ሰው ገድሏል። በእኛ ሐይቆች ይህ አደጋ አለ እያልኩ አይደለም። የምለው ለአንድ ደራሲ ከዚህ የበለጠ መነሻ ከየት ይመጣል ነው። ሐይቁ ምን ያህል ጥልቅ ቢሆን ጋዙ ይታቆራል? መለኪያውን ማን ያስቀምጣል? ለውጡን ቀድሞ የሚያየው ተመራማሪው ነው ወይስ ከብቶቹን ውኃ የሚያጠጣው እረኛ? ማን ያምነዋል?

ምናብ ከዚህ አገር ርቆ አያውቅም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተወለደው አምቦ አጠገብ ቦዳ ነው፤ ገና ልጅ ሳለ ስለ ሲራኩሱ ንጉሥ ዲዮኒስዮስ የጻፈው ተውኔት እዚሁ አምቦ ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት ታይቷል። ከቦዳ ተነስቶ የጥንት ሲራኩስ መድረስ የቻለ አእምሮ ማርስ መድረስ አያቅተውም።

ለመጻፍ ለሚነሡ ወጣቶች የምለው ይህ ነው፦ በአንድ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ፍጠሩ፤ የቀረው ሁሉ በዓለም ሕግ ይሂድ። የፈጠራችሁት ነገር በገበያው፣ በእርሻው፣ በቤተሰቡ ላይ የሚያመጣውን ሁሉ ተከትላችሁ እስከ መጨረሻው አስሉት። ለሚያነቡ ደግሞ፣ አንድ ልብ ወለድና አንድ እውነተኛ መጽሐፍ በአንድ ወር አጣምሩ፤ ለመጀመሪያው ስሌት፣ ለሁለተኛው «እንዴት ታወቀ?» የሚል ጥያቄ ይዛችሁ ቅረቡ። ከሆለታ እስከ ጉደር ያለ ማንኛውም የትምህርት ቤት የንባብ ክበብ ይህን በአንድ ስልክና በአንድ ሰሌዳ ሊጀምረው ይችላል። የድንቹን ዕረፍት የጠየቀው ልጅ የሌላውን ሰው ስሌት መመርመር ችሏል፤ የሚቀጥለው ሥራው የራሱን ታሪክ በዚያው ጥብቅነት መጻፍ ነው።