የማሰሻዋ ውለታ

አዲስ ምጣድ ገዝቶ በዚያው ቀን ልጋግር ያለ ሰው ምን እንደሚገጥመው በደንብ አውቃለሁ። ሊጡ ሸክላው ላይ ሙጭጭ ይላል፤ በሰፌድ ቢሉት በቢላ ቢፍቁት አይላቀቅም። እናቴ ፍርፋሪውን አይታ ሳቀችብኝ። «ሳታሟሺው ነው እንዴ?»

መድኃኒቱ አንድ እፍኝ ጎመን ዘር ነው። ምጣዱ ሲግል የተወቀጠው ዘር ይበተንበታል፤ ከዚያ ጢሱ ዓይን እስኪያስለቅስ ድረስ በጨርቅ እየተጫኑ ማሸት ነው። ቅባቱ የሸክላውን ቀዳዳ እየሞላ ሲገባ ፊቱ መጀመሪያ ይወይባል፣ ቀጥሎ ይጠቁራል፣ በመጨረሻ እንደ ተወለወለ ጫማ ያብለጨልጫል። ይህ በአንድ ቀን አያልቅም።

ከዚያ በኋላ ተራው የማሰሻዋ ነው። የእኔዋ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደች ናት፤ አሁን ቀለሟ አይለይም። እንጀራ በወጣ ቁጥር ምጣዱ ላይ አንዴ ዞር ትላለች፣ አለቀ። እሷ ባትኖር ግን ቀናት የፈጀው ቡኮ፣ አብሲቱም ጭምር፣ ከንቱ ይቀር ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድም ቢሆን ከሥሩ ሽቦ ተዘረጋለት እንጂ ፊቱ ያው ሸክላ ነው። የማይጣበቅ የሚባለውንም ሞክሬያለሁ፤ የእንጀራው ዓይን አላማረኝም (አድልቼ ሊሆን ይችላል)።

ድመታችንም የመጋገሪያውን ቀን ታውቃለች። አክንባሎው ሲነሳ ከተፍ ትላለች። እንጎቻዋ በቅቤና በበርበሬ ለልጄ ትለወሳለች፤ ደረቋ ጫፍ ለድመቷ። ምጣዱ ሲቀዘቅዝ ሁለቱም አጠገቡ ተኝተዋል፣ ማሰሻዋም ሚስማሯ ላይ ተሰቅላለች።