«ኮንትሮል» የተሰኘው የእንግሊዝኛ ግስና የአማርኛ ፍቺው

«ኮንትሮል» ለተሰኘው የእንግሊዝኛ ግስ «ተቆጣጠረ» የሚለውን ፍቺ ብቻ ሰጥቶ ማለፍ ተማሪውን ያሳስታል። የአማርኛው ቃል «ቆጠረ» ከሚለው የተገኘ በመሆኑ መመርመርንና ማረጋገጥን ከሥልጣን ጋር አጣምሮ ይዟል። የእንግሊዝኛውም ትውልዱ ከሒሳብ ነው፤ ሒሳብ የሚመሳከርበትን ሁለተኛ መዝገብ ያመለክት ከነበረ የመካከለኛው ዘመን ላቲን ቃል በፈረንሳይኛ በኩል የገባ ነው። ፈረንሳይኛው እስከ ዛሬ የመመርመርን ፍቺ አጥብቆ ሲይዝ፣ እንግሊዝኛው ወደ መግዛትና መግታት አዘንብሏል። ስለዚህ መምህሩ ደብተሩን እንዳረሙለት ለመግለጽ በዚህ ግስ የሚጠቀም ተማሪ ሐሳቡን አያደርስም፤ የሚስማማው «ቼክ» ነው።

ይህ እንኳ በእርማት የሚቃና ነው። ጉዳቱ የሚብሰው በሳይንስ ትምህርት ነው። ውሃ ለባቄላ መብቀል ማስፈለጉን ለማሳየት በሁለት ቆርቆሮ ዘር ተዘርቶ አንዱ ውሃ ሳይጠጣ ቢቀር፣ ያልጠጣው «ኮንትሮል» ይባላል፤ ማነጻጸሪያ እንጂ መቆጣጠሪያ አይደለም። በዚያው ሙከራ ሙቀትን «ኮንትሮል» ማድረግ ማለትም ለሁለቱም ቆርቆሮዎች እኩል አድርጎ መጠበቅ ነው። «ተቆጣጠረ» የሚለውን ብቻ የሚያውቅ ተማሪ ግን አንዱን ቆርቆሮ ፀሐይ ላይ፣ ሌላውን ጥላ ሥር አስቀምጦ ሙቀታቸውን በየዕለቱ እየለካ ይመዘግባል፤ ትእዛዙንም የፈጸመ ይመስለዋል።