ስኔርን ምት በምት ማመጣጠን

በሚክስ ሥራ ውስጥ አድማጭ ሳያውቀው የሚጠቀምበት አንድ ሙያ አለ፤ የተቀዳ የስኔር ከበሮን ምት በምት ማመጣጠን።

ድራመር ሰው ነው። በብዙ ዘፈኖች 2ኛውና 4ኛው ምት ላይ የሚያርፈው ስኔር ዘፈኑን ተሸክሞ ይሄዳል። ክንድ ሲዝል ወይም ስቲኩ ከመሃል ፈቀቅ ብሎ ሲያርፍ ግን ድምፁ ይሳሳል፤ ዘፈኑም አብሮ ይላላል። ብዙዎች ወዲያው ኮምፕረሰር ይጭኑበታል። ኮምፕረሰር ግን የሚነካው ከተቀመጠለት ልክ ያለፈውን ምት ነው፤ ኃይለኛውን ይጫናል፣ ደካማውን ባለበት ይተወዋል። ድምፁን በጅምላ ከፍ ሲያደርጉት ደግሞ በስኔሩ ማይክ ሾልኮ የገባው የሃይሃት ሲምባል ድምፅ አብሮ ይጮኻል።

ጎበዝ ባለሙያ መጀመሪያ ያዳምጣል። የሳሳውን ምት ለይቶ 2 ወይም 3 ዴሲቤል ከፍ፣ የገነነውን ዝቅ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ለኮምፕረሰሩ የሚቀረው ቀላል ሥራ ነው። በስሱ የተመታ ስኔር መጠኑ ብቻ ሳይሆን ጥራቱና ስለቱም ስለሚቀንስ፣ ካስፈለገ ከዚያው ቀረጻ የተወሰደ ጥሩ ምት ከሥሩ ይደረብለታል።

ከሁሉም በላይ የማደንቀው ሳይነካ የሚያልፈውን ነው። ድራመሩ በርናርድ ፐርዲ የሚታወቅበት የሹፍል ምት ሕይወቱ ያለው በዋናዎቹ ምቶች መካከል በሹክሹክታ በሚሰሙት ጎስት ኖቶች ላይ ነው። እነሱን ከሌላው እኩል ማድረግ ግሩቩን መግደል ነው። ድካምን ከስሜት ለይቶ የሚሰማ ባለሙያ ለድራመሩም ለዘፈኑም ትልቅ ውለታ ይውላል።