የጠልሰም ሥዕል ከብራና ወደ ስክሪን

የአገር ሥዕል ከእጅ ወደ ኮምፒዩተር መሸጋገሩን በሚመለከት ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው ወገን አዲሱ መሣሪያ የእጅን ጥበብ ያጠፋል ብሎ ያዝናል፤ ሁለተኛው ደግሞ ጥንታዊውን ሥዕል ከእሳትና ከምስጥ አድኖ ለዓለም ያደርሰዋል ብሎ ደስ ይለዋል። ሁለቱም ግን ሥዕል ማለት ለዓይን የሚታየው መልክ ብቻ እንደ ሆነ አድርገው ይፈርዳሉ። ይህ አስተሳሰብ ምን ያህል ጎደሎ እንደ ሆነ ለመረዳት ጥቅል ክታብን መመልከት ይበቃል።

በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ደብተራው የሚያዘጋጀው ክታብ ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ በተፋቀ ብራና ይሠራል። ከራስ እስከ እግር ይጠብቃል ተብሎ ስለሚታመን ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ይለካል። በጸሎቱ መካከል የባለቤቱ የክርስትና ስም ይገባል። የጠልሰሙም ዓይን አፍጥጦ የሚሣለው በታማሚው ያደረው ጋኔን አይቶት ደንግጦ እንዲሸሽ ነው። እንግዲህ ልክ፣ ስምና አተያይ የሥዕሉ ጌጥ ሳይሆኑ የሥዕሉ ሥራ ናቸው።

ይህ ማለት ግን ብራናው ከቶ አይለወጥም ማለት አይደለም። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የቀድሞው ስም ተፍቆ የአዲሱ ባለቤት ስም ይጻፍ ነበር። ደግሞም በ1992 እ.ኤ.አ. በፓሪስ በተደረገው ትርኢት ሥራቸው የታየላቸው ደብተራዎቹ ጌራና ጌዴዎን ጠልሰምን ወደ ወረቀት አሻግረውታል። በጌዴዎን ወረቀት ላይ የሰው ቁመት ልክ ቀርቷል፤ ነገር ግን መስመሩ እየተጠላለፈ ገጹን ሲሞላ ዓይኑ ከመካከሉ ብቅ ይላል፤ አተያዩ እንዲያውም በርትቷል። መሸጋገር የሚሠምረው አንዱ ሲቀር ሌላው ሲበረታ መሆኑን ይህ ያስረዳል።

በዲጂታሉ ዘመን በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሚካኤል ጀርቨርስና ኤቫ ባሊትስካ ቪታኮቭስካ ያቋቋሙት «መዝገበ ሥዕላት» የማይናቅ ውለታ ውሏል። ወደ ጎንደር ለመሄድ አቅም የሌለው የሰቆጣ ተማሪ የሩቅ አድባራትን ሥዕል ካለበት ሆኖ ለማየት ይችላል። ሆኖም በሰቆጣ አቅራቢያ እንደሚገኘው እንደ ውቅሮ መስቀል ክርስቶስ ባለ ከዐለት በተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የተሣለ ሥዕልና የአንድ ሰው ክታብ በስልክ ሲታዩ ሁለቱም መዳፍ ያክላሉ። ልክ ከጠፋ ደግሞ ሥዕሉ ለማን እንደ ተሠራ አይታወቅም። ስለዚህ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ርዝመትና ወርድን አብሮ ካልመዘገበ ያዳነው ግማሹን ብቻ ነው።

በስልኩ ወይም በታብሌቱ የሚሥለው የዋግ ኽምራ ወጣትም በዚሁ ሚዛን ሊመዘን ይገባል። የጠልሰሙን ዓይንና ሐረግ ገልብጦ ለሸሚዝና ለግድግዳ ማስጌጫ ቢያውል፣ የተሳሳተ መስመር በአንድ ንክኪ ስለሚጠፋለት እጁ ይፈጥን ይሆናል፤ ሥዕሉ ግን ማንንም አይመለከትም። በአንጻሩ ስልክ ወረቀት የሌለው አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ምስሉ በጣት እየተገፋ ከላይ ወደ ታች መተርተሩ ነው፤ ክታብም የሚነበበው እየተተረተረ ነው። በተመልካቹ ቁመት ልክ የሚረዝም፣ ስሙን የሚቀበልና በመጨረሻው ዓይን ለዓይን የሚገጥመው ሥዕል በዚህ መሣሪያ ሊሠራ ይችላል። ያን የሚሠራ ሠዓሊ ሲገኝ አዲሱ ጥበብ የብራናው ወራሽ ለመባል ይበቃል፤ እስከዚያው ግን ቅጂ እንጂ ሥዕል ሊባል አይገባውም።